«ማን አረሰሽ?» ብለው ለጠየቁኝ እናት ምስጋና

የሴት ልጄ ድግስ ካለፈ አራት ቀኑ ነው። ከነገ ወዲያ ወደ ፍራንክፈርት እንመለሳለን። ሳልሄድ ግን አንዲት የድግስ ምግብ የሚሠሩ ባለሙያ እናትን በአደባባይ ማመስገን አለብኝ። አራት ኪሎ፣ ፒያሳ፣ ካዛንቺስና አካባቢው ክርስትና፣ ማኅበር ወይም ሌላ ድግስ ያለባችሁ ሁሉ እባካችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

ልጄ ዘጠኝ ወሯ ነው። ጀርመን ተወልዳ፣ በሰማንያ ቀኗም እዚያው ክርስትና ተነስታለች፤ ድግስ ግን አልነበራትም። እናቴ ጉልበቷን ታክማ በምርኩዝ በምትሄድበት ሰሞን ስለወለድኩ ልታርሰኝ አልቻለችም። ስለ ጀርመን ክፉ አልናገርም። አዋላጇ ቤቴ ድረስ እየመጣች የልጄን እትብት አይታለች፣ መዝናታለች፣ እኔንም አጽናንታኛለች፤ ይህ አገልግሎት እስከ 12 ሳምንት ድረስ በጤና መድን የሚሸፈን ነው። ግን እሷ ስትወጣ፣ ባለቤቴም ወደ ሥራው ሲሄድ፣ ቤቱ ጭር ይላል። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» የምባለው በስልክ ብቻ ነበር። አንድ እሑድ ጓደኛዬ ከማንሃይም በባቡር ገንፎ በፔርሙዝ ይዛልኝ መጣች። በሩን ስከፍትላት እልል ልትል ጀመረችና ወዲያው አፏን በመዳፏ ከደነችው። ጀርመን ውስጥ እሑድ የጸጥታ ቀን ነው፤ ጎረቤት አይረበሽም። በመዳፏ ውስጥ፣ ቀስ ብላ፣ ሦስት ጊዜ እልል አለች። ገንፎው ቀዝቅዞ ነበር። ሁለታችንም እያለቀስን በላነው።

ይህን የሰማችው እናቴ «ልጅቷ አገሯ ገብታ፣ በአያቶቿ ሰፈር ተመርቃ ነው የምትመለሰው» አለች። ቀኑን መምረጥ ራሱ ቀላል አልነበረም። እናቴ ጽጌን ስለምትጾም ከቁስቋም፣ ከኅዳር 6 በፊት አይደገስም። ኅዳር 15 ደግሞ ጾመ ነቢያት ይገባል። በመካከል ያለን ጊዜ በጣም አጭር ነበር።

መጀመሪያ የተዋዋልነው የድግስ ምግብ አዘጋጅ 30,000 ብር ቀብድ ተቀበለን። ረቡዕ ስልኩን ዘጋ። ሐሙስ ቀኑን ሙሉ ደወልን። አርብ ጠዋት በወንድሜ ቁጥር ስንደውል አነሳና «ሌላ ትልቅ ሥራ ገጥሞኛል» አለን፤ ይቅርታ እንኳን የለም። ቀብዱ እስከ ዛሬ አልተመለሰም። ከዚያው በቀጥታ ወደ ሌላ የታወቀ ቤት ሄድን። የተቀበለችን ልጅ ባለ ቀለም የምግብ ዝርዝር ዘረጋችልን። እናቴ ትሕትና ባለው ድምፅ «የገብስ ገንፎ ትሠራላችሁ?» ብላ ስትጠይቅ ልጅቷ ሳቀች። አጠገቧ የነበረውም ሳቀ። እናቴ ሁለት ፎቅ በምርኩዝ ወጥታ ነበር የመጣችው። ገንዘቡን እረሳው ይሆናል፤ እናቴ ያንን ደረጃ ዝም ብላ ስትወርድ ያየሁትን ፊቷን ግን አልረሳውም።

የእኚህን እናት ስልክ የሰጠችን የእናቴ የእድር ጓደኛ ናት። ስማቸውን ሳላስፈቅድ አልጽፍም፤ እኛ ቤት ሁላችንም «እትዬ» ነው የምንላቸው። ካዛንቺስ ተወልደው ያደጉ፣ ሰፈሩ በ2017 ሲነሳ ወደ ገላን ጉራ የሄዱ ናቸው። አርብ ከሰዓት በኋላ ደወልን፤ ቅዳሜ ገና ሳይነጋ በራችን ላይ ቆመው ነበር። ቀብድ ስንዘረጋላቸው «ወጡን ቅመሱና ትከፍሉኛላችሁ» አሉ። ከእድሩ የመጡትን ድስቶች አንድ በአንድ ገልብጠው አዩ፣ ሁለቱን መለሱ፣ የእንግዳውን ቁጥር ጠየቁ፣ ነጠላቸውን ታጠቁና ጀመሩ። ስለ ሙያው የማውቀው ነገር ስለሌለ ምን ከምን እንዳዋሃዱ አልነግራችሁም። ዶሮው 12 ብልት ሲወጣ ቆጥሬያለሁ፣ ሽንኩርቱ እስከ ማታ ሲቁላላ ሽታው ከግቢው አልፎ መንገድ ላይ ደርሶ ነበር። በቃ ይኸው ነው። 60 ሰው በልቶ ጠግቧል፣ ያልተመሰገነ ሳህን አልነበረም።

እኔን የነካኝ ሌላ ነው። ቅዳሜ ማታ ልጄን ታቅፌ ማድ ቤት በር ላይ ቆሜ ሳለሁ፣ ከድስታቸው ቀና ሳይሉ «ልጄ፣ ማን አረሰሽ?» ብለው ጠየቁኝ። መልስ አጣሁ። «ማንም» አልኩና ድምፄ ተሰበረ። ማማሰያውን አስቀመጡ፣ እጃቸውን በነጠላቸው ጠረጉና ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ ወደ እናቴ ዞረው «ነገ ማለዳ ሦስት ባልቴት ጥሪልኝ፣ ከቀድሞ ጎረቤቶችሽ» አሏት።

እናቴ ፒያሳ ሳለች የነበሩን ጎረቤቶች በ2016 ሰፈሩ ሲፈርስ በየኮንዶሚኒየሙ ተበትነዋል። ሦስቱ ግን እሑድ ማለዳ በመጀመሪያው ታክሲ መጡ። እትዬ ሌሊቱን ሙሉ በእሳት ዳር ቆመው አድረው፣ ያ ሁሉ ድስት ተጥዶ እያለ፣ ለእኔ ለብቻዬ የገብስ ገንፎ ሠሩ። ወደ ጓዳ አስገቡኝ፣ መጋረጃውን ጋረዱ፣ በእናቴ ጋቢ ጠቀለሉኝ፣ አናቴ ላይ ቅቤ አደረጉልኝ። ገንፎውን በጣባ አቅርበው መሃሉን ጎድጎድ አድርገው ቅቤና በርበሬ ሞሉበት። «እትዬ፣ እኮ ዘጠኝ ወር አለፈኝ» ስላቸው «አራስ ካልታረሰች አራስ ናት፤ ብይ» አሉኝ። ባልቴቶቹ ተራ በተራ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» አሉኝ። ከዚያም እትዬ ራሳቸው ጀምረው እልልታውን አቀለጡት፤ ሦስት ጊዜ፣ ለሴት ልጅ፣ በሙሉ ድምፅ። ልጄ ደንግጣ ዓይኗን አፈጠጠች፣ ቆየት ብላ ሳቀች። ማንሃይም ላለችው ጓደኛዬ ድምፁን ቀድቼ ላክሁላት፤ እሷም እያለቀሰች ደወለችልኝ።

ለዚህ አልተከፈላቸውም። ጨምሬ ልከፍላቸው ብል ተቆጡኝ፤ «አራስ ማረስ በዋጋ አይደለም» አሉ። ለድግሱ የጠየቁን ደግሞ ያ ቀብዳችንን የበላው ሰው ካለን ግማሹን ነው። እንዲህ ያሉ ሰው ሥራ ሊያጡ አይገባም። ከሰፈራቸው ከተነሱ ወዲህ የቆዩ ደንበኞቻቸው ርቀዋቸዋል፤ ስለዚህ እናንተ ጥሯቸው። ከውጭ አገር ልጅ ይዛችሁ ለምትመጡ ደግሞ አጥብቄ እለምናችኋለሁ፣ ሌላ ቦታ ከመሄዳችሁ በፊት እሳቸውን ጥሯቸው። እናቶቻችሁን የሚያከብሩ ሰው ናቸው።

ስልካቸውን ፈቅደውልኛል፤ ለጠየቀኝ ሁሉ በግል እልካለሁ፣ ከሄድኩ በኋላም እናቴ ትሰጣችኋለች። ለገናና ለጥምቀት ሰሞን የምትፈልጓቸው ከአሁኑ ቀን አስይዙ። ገላን ጉራ ሩቅ ስለሆነ፣ ሥራው ሲያልቅ በምሽት ብቻቸውን እንዳይሄዱ መኪና አዘጋጁላቸው።