«አይመለስም» ማለት «አይለወጥም» ማለት ነውን? በባሕር ዳር ስለተከራየሁት ጀልባ

በጥር ወር፣ ጥምቀት ካለፈ በኋላ፣ ከደብረ ማርቆስ ለሚመጡ ዘመዶቼ ወደ ጣና ገዳማት የሚወስደን የሞተር ጀልባ ባሕር ዳር ከሚገኝ አንድ አከራይ ድርጅት በኮንትራት ይዤ ነበር። ቀሪውን ክፍያ አጠናቅቄ ደረሰኝ ከተቀበልኩ በኋላ የጉዞው ቀን፣ የተጓዦቹ ቁጥርና የምንሳለማቸው ገዳማት ሦስቱም ተለወጡ። ስለ ጀልባው ብቻ ብጠየቅ ያለ ማመንታት መልካም ነው እላለሁ፤ ሞተሩ አላስቸገረም፣ ወንበሮቹ ንጹሕ ነበሩ፣ ነጂውም ሐይቁን እንደ ጓሮው የሚያውቅ ልጅ ነው። አስተያየቴ የሚያተኩረው ግን ገንዘብ ተከፍሎ ካለቀ በኋላ ለውጥ የጠየቀ ደንበኛ በቢሮው በኩል በሚያጋጥመው አሠራር ላይ ነው።

የውሉ አፈጻጸም ቀላል ነበር። የዋጋውን ሲሶ በቀብድ አስይዣለሁ፤ የቀረውን ደግሞ ጉዞው ሰባት ቀን ሲቀረው በቴሌብር ከፍያለሁ። በደረሰኙ ግርጌ በትንንሽ ፊደል «የተከፈለ ገንዘብ አይመለስም» የሚል አንድ መስመር ታትሟል፤ ከዚህ ሌላ የተጻፈ ነገር የለም። ጡረታ እስክወጣ ድረስ በወረዳ ፍርድ ቤት በሬጅስትራርነት ስላገለገልኩ እንዲህ ዓይነት መስመር ሳላነብ አላልፍም። ይህንንም አንብቤ፣ ገንዘቤን መልሱልኝ የምልበት ምክንያት አይኖርም ብዬ ደረሰኙን ኪሴ ከተትኩ።

ጉዞው ለቅዳሜ ተቀጥሮ ሳለ ሐሙስ ማታ አጎቴ ደወሉ። መንገድ ስለተዘጋ መኪናቸው ፍኖተ ሰላም ላይ መቆሙን፣ መንገዱ ቢከፈት እንኳ ቅዳሜ ጠዋት ባሕር ዳር መድረስ እንደማይችሉ ነገሩኝ። በዚህ ላይ ሦስት ሰዎች ተስፋ ቆርጠው ወደ ማርቆስ ሊመለሱ ሲነሡ፣ በሌላ ጉዳይ ወደ ባሕር ዳር ሲመጡ እዚያው የታገዱ አራት ዘመዶቻችን በእነሱ ቦታ ለመግባት ተስማምተዋል፤ አራቱም ሴቶች ናቸው። ነገሩን ያወሳሰበውም ይኸው ነው፤ በመጀመሪያ የያዝኩት ጉዞ ስምንት ወንዶችን ወደ ዳጋ እስጢፋኖስ፣ በመልስም ወደ ክብራን ገብርኤል የሚወስድ ነበርና። ሁለቱም ሴት የማይገባባቸው ገዳማት ናቸው።

ዓርብ ጠዋት ቢሮው እንደተከፈተ ደረስኩ። ደንበኛ የምታስተናግደው ወጣት በአክብሮት ተቀብላ ወንበር ሰጠችኝና ነገሬን እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። ከዚያም ደረሰኙን አንሥታ በጣቷ የግርጌውን መስመር እያሳየች «ጋሼ፣ ጊዜው አልፏል፤ ከሙሉ ክፍያ በኋላ መለወጥ አይቻልም» አለችኝ። «ልጄ፣ ይህ የሚለው አይመለስም ነው፤ አይለወጥም አይልም» አልኳት። ፈገግ አለችና ኃላፊዋ ዘንድ ደወለች። ጥቂት ከተነጋገሩ በኋላ ጉዞው ወደ ማክሰኞ ሊዛወር እንደሚችል፣ ሆኖም ጀልባው ቅዳሜ ያለ ሥራ ስለሚቆም የጠቅላላውን ዋጋ ሩብ ተጨማሪ እንደምከፍል ተነገረኝ። ምክንያቱ አሳማኝ ነበር። ቅዳሜ ገበያ የሚደራበት ቀን ነው፤ ለእኔ ሲባል ሌላ ደንበኛ መልሰው ከነበረ ኪሳራውን እነሱ ብቻ እንዲሸከሙት መጠበቅ ተገቢ አይደለም። ስለዚህ ከፈልኩ።

በዚያው ምሽት አሜሪካ ለምትኖረው የእህቴ ልጅ ጉዳዩን ሳጫውታት ሳቀች። እሷና ባለቤቷ በትልልቆቹ የመዝናኛ መርከቦች ተጉዘው ስለሚያውቁ የእነዚያን ደንብ በዝርዝር ነገረችኝ። ብዙዎቹ የመርከብ ኩባንያዎች የመጨረሻውን ክፍያ የሚቀበሉት ከጉዞው 90 ቀን ገደማ አስቀድመው ነው፤ ረዘም ላሉ ጉዞዎች ደግሞ ጊዜው ከዚያም ይርቃል። ቀኑ ካለፈ በኋላ ጉዞውን የሚሰርዝ ሰው በመጀመሪያ ቀብዱን ያጣል፣ ቀጥሎ የዋጋውን ግማሽ፣ የመነሻው ቀን እየቀረበ ሲሄድ ሦስት አራተኛውን፣ በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ደግሞ ሙሉውን ያጣል። ወደ ሌላ ቀን ልዛወር የሚለውም አብዛኛውን ጊዜ እንደ ሰረዘ ይቆጠራል። በአንጻሩ፣ ከአንድ ክፍል ሁለት ተጓዦች አንዱ ቀርቶ በቦታው ሌላ ሰው እንዲገባ መጠየቅ፣ የተጓዦች ስም ዝርዝር ተዘግቶ ለወደቦች ባለሥልጣናት ከመተላለፉ በፊት ከሆነ፣ በመጠነኛ ክፍያ ወይም ያለ ክፍያ የሚፈቀድበት ጊዜ ብዙ ነው። ሰው መጨመር ግን ክፍሉ ባዶ አልጋ ቢኖረውም የሕይወት አድን ጀልባዎቹ የመያዝ አቅም ከሞላ አይቻልም። ደንቡ ጠንካራ ቢሆንም ደንበኛው ገና ገንዘቡን ሳያወጣ በየትኛው ቀን ስንት እንደሚያጣ በሠንጠረዥ ተጽፎ ይደርሰዋል።

ከእኛው አከራይ ጋር ያለው ልዩነት ይህ ነው። የባሕር ማዶው ኩባንያ የሚጨክነው አስቀድሞ ተናግሮ ነው፤ የእኛው ለጋስ ነው፣ ነገር ግን ልግስናውም ቅጣቱም የሚወሰነው ዓርብ ጠዋት በስልክ ነው። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል የሚለው አባባል ለጀልባ ኪራይም ይሠራል። ሕጉም ቢሆን በዚህ ረገድ ለሁለቱም ወገን ግልጽ ነው፤ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1885 እንደሚደነግገው፣ ተቃራኒ ስምምነት ከሌለ በቀር ቀብድ የሰጠ ወገን ቀብዱን ለቆ ውሉን ማፍረስ ይችላል፣ ቀብድ የተቀበለው ደግሞ ማፍረስ ከፈለገ የተቀበለውን እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። እኔ ግን ውሉ ይፍረስልኝ አላልኩም፤ ውሉ ጸንቶ ቀኑ እንዲዛወር ብቻ ነበር ጥያቄዬ። በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት የሚያስረዳ አንድ ዐረፍተ ነገር ደረሰኙ ላይ ቢኖር ኖሮ የዓርቡ ክርክር ባልተነሣ ነበር።

የገዳማቱ ለውጥ ከቀኑ ይልቅ ይከብዳል ብለው ነበር፤ እንዲያውም መስመር ከተለወጠ አዲስ ውል ነው ተባልኩ። ከዚህ ክርክር ያወጣኝ በአጋጣሚ ቢሮ የገባው አስጎብኚ ነው። ወጣቱ የደረሰኜን ጀርባ ገልብጦ በእስክሪብቶ የሐይቁን ደቡባዊ ግማሽ ነደፈልን። ደቅን በትልቅ ክብ፣ ዳጋን አጠገቧ በነጥብ አኖረ፤ በደቅ ደሴት ዳርቻ ላይ ናርጋ ሥላሴን ምልክት አደረገ፤ ወደ ባሕር ዳር አቅራቢያ ወርዶም ክብራንንና እንጦስ ኢየሱስን ጎን ለጎን ሣለ። «ዳጋን በናርጋ፣ ክብራንን በእንጦስ እንተካለን፤ ሴቶችም ይገባሉ፤ ቤንዚኑ ያው ነው» አለ። ኃላፊው በስልክ ይህን ሲሰማ ክርክሩን ተወ። ለዚህ ለውጥ አንዲት ሳንቲም አልተጠየቅኩም፤ ማመስገን የሚገባውን ማመስገን ስላለብኝ ይህንንም እጽፋለሁ።

የሰው ቁጥር ከስምንት ወደ ዘጠኝ ማደጉ ቀላል መስሎኝ ነበር። ጀልባው በኮንትራት የተያዘ በመሆኑ የጨመረው የአንድ ሰው ምሳ ብቻ ነው ብዬ አሰብኩ። ማክሰኞ ንጋት ላይ ወደቡ ስንደርስ ግን ነጂው መጀመሪያ የቆጠረው ሰዉን ሳይሆን ጃኬቶቹን ነው። ከወንበሮቹ ሥር ብርቱካናማ የመንሳፈፊያ ጃኬቶችን አንድ በአንድ አውጥቶ ደረደራቸው፤ ዐሥር ነበሩ። እኛ ዘጠኝ፣ እሱና አስጎብኚው ሲጨመሩ ዐሥራ አንድ ሆንን። ዐሥራ አንደኛውን ከጎረቤት ጀልባ ተውሶ ቢያመጣም አንዱ ማያያዣው ተሰብሮ በሲባጎ የታሰረ ሆኖ ተገኘ። ነጂው ያንን ራሱ ለብሶ የራሱን ከአራቱ ሴቶች አንዷ ለሆኑት ለእትዬ ሰጣቸው። ምግባሩ የሚያስከብረው ነው፤ ሆኖም ነጂው በሲባጎ የታሰረ ጃኬት እንዲለብስ ያደረገው ቢሮው ነው፤ ዓርብ ዕለት የተጨማሪውን ሰው የምሳ ሒሳብ ሲቀበል ስለ ጃኬት የጠየቀ አልነበረምና። እንዲህ ዓይነቱን ለውጥ አንቀበልም ቢሉኝ ኖሮ ቅር አልሰኝም ነበር።

ስለ ጉዞው በአጭሩ ልናገር። ጣና ጠዋት ጠዋት እንደ መስተዋት ጸጥ ብሎ ከቀትር በኋላ በነፋስ የሚናወጥ ሐይቅ ስለሆነ በማለዳ መነሣታችን ትክክል ነበር። በደንገል ታንኳ ዓሣ የሚያጠምዱ ሰዎችን ስናልፍ ነጂው ማዕበል እንዳንሠራባቸው ፍጥነቱን ይቀንስ ነበር። በናርጋ ሥላሴ እቴጌ ምንትዋብ በእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው የሚታዩበትን ሥዕል እትዬ ረጅም ጊዜ ቆመው ተመለከቱ፤ ገዳሙን ያሠሩት እሳቸው መሆናቸውን አስጎብኚው ሲነግራቸው «ያሠራችውስ እሷው ናት፣ እንዴት ሴት አይግባ ይባል!» አሉ። አጎቴ ግን በዳጋ ያረፉትን የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብንና የዐፄ ፋሲልን ዐጽም ሳያዩ መመለሳቸው እስከ ማታ ድረስ ቅር ብሏቸው ነበር።

በመልስ ጉዞ ላይ ነፋሱ ሲነሣ አንዷ ዘመዳችን ፈራች። ነጂው ሊያረጋጋት ብሎ «ይህማ ምን አላት፤ ቅዳሜ ከዘጌ ስንመለስ የነበረውን ብታዪ» አላት። ቀስ ብዬ «በየትኛው ጀልባ?» ስል ጠየቅኩት። «በዚችው ነዋ ጋሼ፣ ሌላ የት አለኝ» አለኝ። ልጁ የተናገረው ምን እንደሆነ አላወቀም፤ እኔም በሰዓቱ ምንም አላልኩም። ቅዳሜ ያለ ሥራ ይቆማል ተብሎ የዋጋውን ሩብ የከፈልኩበት ጀልባ ሥራ ላይ ውሏል ማለት ነው።

ረቡዕ ተመልሼ ቢሮው ሄድኩ። ድምፄን ከፍ አላደረግሁም፤ የነጂውንም ስም አላነሣሁም፤ ቅዳሜ ጀልባው ወጥቶ እንደሆነ መዝገባቸውን እንዲያዩልኝ ብቻ ጠየቅኩ። ኃላፊው በዚህ ጊዜ በአካል ነበሩ። አልካዱም። ዓርብ ከቀትር በኋላ የዘጌ ደንበኞች መምጣታቸውን፣ የዘጌው ጉዞ ግን የግማሽ ቀን በመሆኑ ዋጋው ከእኔው በእጅጉ የሚያንስ መሆኑን አስረዱኝ። ይህም እውነት ነው፤ የዘጌ መንገድ ከደቅ ጋር የሚነጻጸር አይደለም። በወረቀት ላይ ሒሳቡን አብረን ሠራን፤ ከከፈልኩት ተጨማሪ ሁለት ሦስተኛውን መለሱልኝ፣ ቀሪው ሲሶ የእነሱ ትክክለኛ ኪሳራ መሆኑን ተቀበልኩ። ያልተቀበልኩት፣ ሳልጠይቅ ቢቀር ገንዘቡ እዚያው ይቀር የነበረ መሆኑን ነው፤ ይህንንም ነግሬያቸው ወጣሁ።

ስለዚህ ለጀልባውና ለሠራተኞቹ ሙሉ ድጋፌን ስሰጥ ለቢሮው ግማሹን ብቻ እሰጣለሁ። ይህን ድርጅትም ሆነ ሌላውን የሚከራይ ሰው ቀሪውን ክፍያ ከመላኩ በፊት ሦስት ነገሮችን በደረሰኙ ላይ ቢያስጽፍ እመክራለሁ፦ ቀን ለመለወጥ እስከ መቼ እንደሚቻል፣ ስንት እንደሚከፈልበት፣ ጀልባው በዚያ ቀን ሌላ ሥራ ካገኘ ደግሞ የተከፈለው እንዴት እንደሚታሰብ። በመጋቢት ወር በዚያ ስፍራ ሳልፍ ወጣቷ ጠርታ አዲሱን የደረሰኝ ጥራዝ አሳየችኝ። ከግርጌው መስመር ሥር በእጅ «የጉዞ ቀን ለመለወጥ ከሁለት ቀን በፊት ያመልክቱ» ተብሎ ተጽፏል። ስንት እንደሚያስከፍል ግን አይልም።