ፕሮትቫር፦ ጂኖሙንና ፕሮቲኑን በአንድ ገጽ

ድሬዳዋ ላይ ባዮቴክኖሎጂ የሚያስተምር እንደ እኔ ያለ ሰው፣ አንድ ሚውቴሽን (የዲኤንኤ ፊደል ለውጥ) ከጂን እስከ ፕሮቲን ምን እንደሚያስከትል ለማሳየት የክሮሞሶሙን አድራሻ በዩሲኤስሲ ጂኖም ብራውዘር፣ የአሚኖ አሲዶቹን ተርታ በዩኒፕሮት፣ ቅርጹን ደግሞ በአልፋፎልድ እየከፈተ ማመሳከር ግድ ይሆንበታል። የአውሮፓ ባዮኢንፎርማቲክስ ተቋም በነፃ ያቀረበው ፕሮትቫር ሦስቱን በአንድ ገጽ ያገናኛል።

የፈተንነው ጂ6ፒዲ በተባለው ኢንዛይም ነው። ለቫይቫክስ ወባ ፕሪማኪን የሚወስድ ሰው ይህ ኢንዛይም ካነሰው ቀይ የደም ሕዋሶቹ ሊፈርሱ ስለሚችሉ፣ ጉዳዩ ወባን ለሚያውቅ የድሬ ልጅ ሩቅ አይደለም። በጽሑፎች «202ኛው ፊደል ከጂ ወደ ኤ ተለወጠ» የሚባለውን ሚውቴሽን አንድ ተማሪዬ ጂኖሙ ላይ ሲፈልግ ያገኘው ከሲ ወደ ቲ የተለወጠ ነበር። «መምህር፣ ተሳሳትኩ እንዴ?» አለኝ። አልተሳሳተም፤ ጂኑ በኤክስ ክሮሞሶም ላይ የሚነበበው ከተቃራኒው የዲኤንኤ ክር ነው፤ በሁለቱ ክሮች ጂ ከሲ፣ ኤ ደግሞ ከቲ ጋር ስለሚጣመሩ ያው ለውጥ ነው። ፕሮትቫር 154536002 የሚለው አድራሻ ከነለውጡ ሲገባለት ግልባጩን ራሱ አስልቶ 68ኛው አሚኖ አሲድ፣ ቫሊን፣ በሜቲዮኒን መተካቱን ይነግረናል። ይኸው ቦታ አንዳንድ ጽሑፍ ላይ 98 ተብሎ ይገኛል፤ እዚያ የተቆጠረው በ30 አሚኖ አሲድ በሚረዝመው የፕሮቲኑ ቅጂ ነው። ፕሮትቫር የዩኒፕሮትን ባለ 515 አሚኖ አሲድ ቅጂ መነሻ አድርጎ ሌሎቹንም ስለሚያሳይ፣ ለእኔ ትልቁ ጥቅሙ ይህ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ቅርጹን በሚያሳየው ክፍል ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በአልፋፎልድ ትንበያ ላይ ጥቁር ሰማያዊ ከ90 በላይ፣ ብርቱካናማ ደግሞ ከ50 በታች የሆነን የመተማመን ነጥብ ያመለክታል፤ ብርቱካናማውን «የተበላሸ ቦታ» ብለው የጻፉ ተማሪዎች አጋጥመውኛል። ትንበያው ሚውቴሽኑ ፕሮቲኑን ምን ያህል እንደሚጎዳው አይናገርም።

መሣሪያው የሚያገለግለው ለሰው ፕሮቲን ብቻ ነው። የሐረርጌን ማሽላ የሚያጠና ባልደረባዬ ምንም ስለማያገኝበት የዕፅዋትን ጂኖም ወደሚያሳየው ኢንሴምብል ፕላንትስ መሄድ አለበት። በተጨማሪም ከሰዓት በኋላ የእኛ የኢንተርኔት መስመር ሲደክም የሦስት ገጽታ ምስሉ ሳይከፈት ብዙ ያስጠብቃል። ስለዚህ የሚውቴሽኖቹን ዝርዝር ጠዋት በአንድ ጊዜ አስገብተን ውጤቱን በሰንጠረዥ እናወርዳለን፤ ምስሉን የምንከፍተው ለአንድ ለሁለቱ ብቻ ነው።