ለዶሮ ቤት ቅንቅን የሚሸጡ ሦስት መድኃኒቶች፦ ጎንደር ላይ የትኛውን ልግዛ?

«የዶሮ ቅንቅን መድኃኒት አላችሁ?» ብሎ የእንስሳት መድኃኒት ቤት ለገባ ሰው ከመደርደሪያው የሚወርዱለት አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ናቸው፦ ዲያዚኖን 60%፣ አሚትራዝ 12.5% እና አይቨርሜክቲን 1% መርፌ። ሦስቱም በዋናነት ለከብት፣ ለበግና ለፍየል የተሠሩ ናቸው። ዶሮ ላይ የሚሠሩት ሥራ ግን በጣም ይለያያል፤ አንዱ ራሱ ዶሮዋን ሊገድላት ይችላል። ፍርዳችንን ከወዲሁ ለማስቀመጥ፦ ለጓሮ ዶሮ ቤት አሚትራዝን እንመርጣለን፤ የሚረጨውም ቤቱ ላይ ነው፣ ዶሮዋ ላይ አይደለም። ሁለተኛውን ዙር ለመርጨት ያላሰበ ሰው ደግሞ አንዱንም ባይገዛ ይሻለዋል።

ይህን የምንልበት ምክንያት የተባዩ ጠባይ ነው። ቀዩ የዶሮ ቅንቅን ዶሮዋ ላይ አይኖርም። ቀን ቀን በቆጡ መጋጠሚያ፣ በግድግዳው ስንጥቅ፣ በእንቁላል መጣያው ሳጥን ጥግ ተሸጉጦ ይውላል፤ ሌሊት ወጥቶ ከግማሽ እስከ አንድ ሰዓት ደም ይጠባና ወደ ጉድጓዱ ይመለሳል። ርዝመቱ 1 ሚሊ ሜትር አይሞላም። ሲራብ ግራጫ ነው፣ ሲጠግብ ይቀላል። እንቁላሉንም የሚጥለው እዚያው ስንጥቅ ውስጥ ነው። ከ25 እስከ 30 ዲግሪ በሆነ ሙቀት ከእንቁላል እስከ አዋቂ ያለው ዕድገት ከ7 እስከ 10 ቀን ብቻ ይፈጃል፤ ሲበርድ ይዘገያል። ደም ሳያገኝ ለወራት ስለሚቆይም «ዶሮዎቹን ሸጬ ቤቱን ለአንድ ወር ባዶ ላድርገው» የሚለው መላ አይሠራም። 

በእኛ ዘንድ የባሰ የሚያደርገው የቤቱ አሠራር ነው። በጭድ የተቦካ ጭቃ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ቅርፊቱ ያልተላጠ የባሕር ዛፍ ቆጥ ደግሞ ለቅንቅን የተሠራ ሰፈር ማለት ነው።

ገንዘብ ከማውጣት በፊት ተባዩ የትኛው እንደሆነ ማየት ያስፈልጋል። ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ የስልክ መብራት ይዞ መግባትና የቆጡን የታችኛውን ጎን በነጭ ሶፍት መጥረግ ነው። ሶፍቱ ላይ የደም መስመር ከታየ ቀዩ ቅንቅን ነው። በቀን ብርሃን የዶሮዋን ላባ ገለጥ ሲያደርጉ ገለባ የሚመስል ቀለም ያለው ነፍሳት ፈጥኖ ከሮጠ ግን ቅማል ነው፤ ቅማል ዕድሜውን ሙሉ ዶሮዋ ላይ ስለሚኖር ሕክምናውም ሌላ ነው። ያልለየለት ሰው ጥቂቱን በተዘጋ ላስቲክ ይዞ ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ቢሄድ ይሻላል፤ በማይክሮስኮፕ ሁለቱን መለየት አስቸጋሪ አይደለም።

ዲያዚኖን 60%። ኃይለኛ ነው፣ ሽታውም ኃይለኛ ነው። በ1 ሚሊ ውስጥ 600 ሚሊ ግራም ስለሚይዝ ለከብት የተለመደው 1 ሚሊ በ1 ሊትር ውኃ ነው። ቅንቅን ይገድላል፤ በዚህ ክርክር የለንም። ክርክራችን ወፎች ለዚህ የመድኃኒት ዘር ከከብት ይልቅ ስስ በመሆናቸው ላይ ነው። «በደንብ እንዲይዝ» ተብሎ ሁለት እጥፍ ተበጥብጦ ዶሮዎቹ ከተነከሩበት ምራቅ ይዝረበረባሉ፣ ይንገዳገዳሉ፣ ክንፋቸውን ጥለው ይወድቃሉ፤ ጫጩቶች ደግሞ በፍጥነት ያልቃሉ። ሰውንም የሚመርዘው በዚሁ መንገድ ነው፦ ላብ፣ የምራቅ ብዛት፣ የዓይን ብሌን መጥበብ፣ መንቀጥቀጥ። ይህ ከታየ ብልቃጡን ይዞ ወደ ሆስፒታል መሮጥ ነው፤ ምን እንደተነካ ማወቁ ሐኪሙ ማርከሻውን፣ አትሮፒንን፣ ቶሎ እንዲሰጥ ይረዳዋል። የዶሮ ቤቱ ከማእድ ቤቱ ጋር በአንድ ግድግዳ ለተያያዘበት ግቢ ይህ መድኃኒት አይሆንም።

አሚትራዝ 12.5%። በብዛት ለመዥገርና ለእከክ የሚሸጥ ነው። 2 ሚሊ በ1 ሊትር ውኃ ይበጠበጣል፤ 2 በ2 ሜትር ለሆነ የዶሮ ቤት 5 ሊትር ገደማ ስለሚበቃ 10 ሚሊ ማለት ነው። ልኩ በ10 ሚሊ ሲሪንጅ ይወሰድ፤ የብልቃጥ ክዳን እንደ ፋብሪካው ስለሚለያይ «አንድ ክዳን» የሚባለው መለኪያ ልክ አይደለም። ድክመቱ የተበጠበጠው አለማደሩ ነው። ውኃ ከነካው በኋላ ኃይሉ እየወረደ ይሄዳል፤ ጠዋት የተዘጋጀው በዚያው ቀን ማለቅ አለበት። ለሳምንት በጀሪካን አስቀምጦ የረጨ ሰው «መድኃኒቱ ውሸት ነው» ብሎ ይመለሳል። እንቁላሉንም ሁሉ ያጠፋል ብሎ መተማመን አይቻልም፤ በዋናነት የሚገድለው የተፈለፈለውን ነው። ብልቃጡ ስለ ዶሮ ገላ የሚለው ነገር ስለሌለ ዶሮዋን አናስነካውም።

አይቨርሜክቲን 1%። በጣም የሚፈለገው ይህ ነው፣ ምክንያቱም ቀላል ይመስላል፦ ወግቶ መጨረስ። ለቀዩ ቅንቅን ግን ደካማ ምርጫ ነው። ተባዩ ደም የሚጠባው ለአጭር ጊዜ ስለሆነ፣ መድኃኒቱም ከዶሮዋ ደም ቶሎ ስለሚወርድ፣ ስንጥቅ ውስጥ ያለው ሠራዊት አይነካም። ልኩም ያስቸግራል። በ1 ኪሎ 0.2 ሚሊ ግራም ቢባል 1.5 ኪሎ ለምትመዝን ዶሮ 0.03 ሚሊ ነው፤ ይህን በተለመደው ሲሪንጅ በዓይን መለካት አይቻልም፣ ትንሽ ያለፈ እጅ ብዙ እጥፍ ይሰጣል። ከሁሉ በላይ መድኃኒቱ ስብ ወዳድ ስለሆነ ወደ እንቁላሉ አስኳል ይገባል፤ ለከብት በተዘጋጀው ብልቃጥ ላይ ደግሞ ለእንቁላል የተጻፈ የማቆያ ጊዜ (ከመድኃኒቱ በኋላ እንቁላሉ ሳይበላና ሳይሸጥ የሚቆይበት ቀን) የለም። እንቁላል ለሚሸጥ ሰው አንመክረውም።

የትኛውም ቢገዛ ግማሹ ሥራ ከመርጨት በፊት ነው። ዶሮዎቹ፣ መመገቢያውና መጠጫው ይውጡ። ጉዝጓዙ በሙሉ ተጠርጎ ይቃጠል፤ ከቤቱ ጀርባ የተከመረ ጭድ ተባዩን ተሸክሞ ይመለሳል። ቆጡ ተነቅሎ ቅርፊቱ ይላጥ፣ መጋጠሚያው ላይ የፈላ ውኃ ይፍሰስበት፤ የፈላ ውኃ እንቁላሉንም ስለሚገድል ከመድኃኒቱ የሚበልጥበት ቦታ ይህ ነው። ግድግዳው በሽቦ ብሩሽ ይፋቅ፤ ኩስና አቧራ የለበሰ ስንጥቅ ውስጥ የተረጨው አይገባም። ከዚያ ጓንት፣ ረጅም እጅጌና የአፍንጫ መሸፈኛ አድርጎ ከላይ ወደ ታች፣ እስኪንጠባጠብ ድረስ መርጨት፤ ቅድሚያ ለመጋጠሚያዎቹና ለቆጡ ጫፎች። ቤቱ ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ፣ ቢያንስ አንድ ቀን፣ ዶሮ አይግባ።

በ7ኛው ቀን ይደገማል። የመጀመሪያው ዙር ያልነካው እንቁላል በዚህ ጊዜ ተፈልፍሏል፣ ግን ገና አልደረሰም። በክረምት ዕድገቱ ስለሚጓተት ከሌላ ሳምንት በኋላ ሦስተኛ ዙር ይጨመራል። ከመርጫው የተረፈው ወደ ቦይ አይደፋ። ዲያዚኖንም አሚትራዝም ዓሣ ይገድላሉ፤ የአንገረብ ግድብ ደግሞ የከተማው መጠጥ ውኃ ነው። ዲያዚኖን ለንብም መርዝ ስለሆነ ቀፎ ያለበት ግቢ ተጨማሪ ጥንቃቄ ይፈልጋል።

ሁለቱ ዙሮች ካለፉ በኋላ ስንጥቁ በኖራ በተቦካ ጭቃ ይደፈን። የቆጡ እግሮች ግድግዳ ሳይነኩ ለብቻቸው ይቁሙ፤ ጫፋቸው ላይ የምግብ ዘይት መቀባት የሚወጣውን ቅንቅን ይይዛል። የተቃጠለ የሞተር ዘይት የሚቀቡ አሉ፤ ይሠራል፣ ግን እግርና እንቁላል ያቆሽሻል። አመድ በዚህ ደረጃ ዋጋ አለው፦ 15 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ባለው ሳጥን አመድና ደረቅ አሸዋ እኩል ደባልቆ ዶሮዎቹ እንዲንከባለሉበት ጣራ ሥር ማኖር። ከረጠበ ጥቅም የለውም፤ በክረምት ቶሎ ቶሎ ይቀየር። ለክትትል ደግሞ ሸንተረር ያለው የካርቶን ቁራጭ ከቆጡ ሥር ለሁለት ቀን አስሮ፣ በላስቲክ ጠቅልሎ ቅንቅን ገብቶበት እንደሆነ ማየት ከማንኛውም መድኃኒት ይረክሳል።

ወቅቱም ይታሰብበት። ዐቢይ ጾም ሲሆን የእንቁላል ገበያ ይቀዘቅዛል፣ ሙቀቱ ግን ይጨምራል፤ ቅንቅን የሚፈላው ያን ጊዜ ነው፣ ለመርጨት ቤት ባዶ ማድረግም የሚቀለው ያን ጊዜ ነው። ከዚያ ለፋሲካ ከቅዳሜ ገበያም ከአዘዞም የሚገባው ዶሮ ከነቅርጫቱ አዲስ ተባይ ይዞ ሊመጣ ስለሚችል ለሁለት ሳምንት ለብቻው ይቆይ፤ ቅርጫቱ ግን ግቢ አይግባ።

ሲገዙ፦ በሃይላንድ ጠርሙስ ተቀንሶ የሚሸጥ መድኃኒት አይወሰድ። ስሙ፣ መቶኛው፣ የሚያበቃበት ቀንና የማቆያ ጊዜው አይታወቅም፤ ልጆች ባሉበት ቤትም ውኃ ይመስላል። 100 ሚሊ የታሸገ አሚትራዝ በዚህ ልክ ለአንድ ትንሽ ቤት ሁለቱን ዙር ሸፍኖ ለብዙ ጊዜ ይተርፋል፤ ከብርሃን ርቆ፣ ክዳኑ ጠብቆ፣ ከመኖ ጋር ሳይቀላቀል ይቀመጥ። ሻጩ «ለእንቁላል ነው ለሥጋ? ስንት ናቸው? ቤቱ ከምን ተሠራ?» ብሎ ከጠየቀ ደንበኛ የሚያደርጉት እሱን ነው።