ባት የሚጨምቀው የአየር መሣሪያ ከወራት በኋላ፦ ሞተሩ ደህና፣ ከረጢቱ ጣጣ

ሞተሩ ዛሬም እንደ አዲስ ነው። አየሩ ግን አይቆይም። ቱቦው ከአየር ከረጢቱ ጋር የተበየደበት አንገት ተሰንጥቋል፤ አንዱን ባት ጥብቅ አድርጎ ሲይዝ ሌላውን ዳሰስ አድርጎ ይተወዋል።

ይባስ ብሎ መሣሪያው ራሱ ይህን አያውቅም። እንዲህ ካሉት ርካሽ ሞዴሎች ብዙዎቹ ግፊት አይለኩም፤ ለተወሰነ ሰከንድ ይነፋሉ፣ ይለቃሉ፣ በቃ። አየሩ ሁሉ ቢያፈተልክም መብራቱ «3ኛ ደረጃ» ላይ ነው። ሻጭ ሆይ፣ 3ኛ ደረጃ ስንት ሚሊሜትር ሜርኩሪ (የግፊት መለኪያው) ነው? 40? 80? ተራው የግፊት ካልሲ እንኳ 15–20 ወይም 20–30 ብሎ ማሸጊያው ላይ ይጽፋል!

ቀዳዳውን ለማግኘት ከረጢቱን ከጨርቁ አውጡና ንፉት፤ ቱቦውን አጥፋችሁ ያዙ፤ ብየዳውን ሁሉ የሳሙና ውኃ ቀቡ። አረፋ የሚያስነሳው ብዙውን ጊዜ አንገቱ ነው፤ ቱቦው ተጣጥፎ ሲቀመጥ የሚጎዳው እሱ ነውና። ሱፐር ግሉ አትሞክሩ፤ ደርቆ ድንጋይ ስለሚሆን ከረጢቱ በተለጠጠ ቁጥር ይሰነጠቃል። ከደረቀ በኋላም የሚለጠጥ የፖሊዩሬቴን ማጣበቂያ ይሻላል። ቦታውን በአልኮል ጠርጉ፣ ቀቡ፣ 24 ሰዓት አትንኩት።

እግር መርገጫ ያለው፣ ጡንቻን በትንሽ ኤሌክትሪክ የሚያኮማትረው ማነቃቂያስ? የሚፈነዳ ከረጢት የለውም። ደረቅ የእግር መዳፍ ላይ ግን ይወጋል፤ በውኃ ወይም በማለስለሻ ክሬም ማርጠብ ግድ ነው። መዳፍን ብቻ የሚኮረኩር ከሆነ ትርፉ ትንሽ ነው፤ በደም መልስ ሥር ያለውን ደም ወደ ላይ የሚገፋው የባት ጡንቻ ስለሆነ ባቱ ሲኮማተር በዓይን መታየት አለበት። የልብ ምት መቆጣጠሪያ የተተከለለት ሰው አይጠቀምበት።

ካልሲው ጠዋት እግር ሳያብጥ ከተለበሰ ያለ ሞተር ያለ ጩኸት ይሠራል፤ 6 ወር ገደማ ሲሆነው ግን ላስቲኩ ይላላል።

አንድ እግር ብቻ በድንገት ካበጠ፣ ከሞቀና ካመመ ደም ረግቶ ሊሆን ስለሚችል መጭመቂያውን ትታችሁ በፍጥነት ሐኪም ጋ ሂዱ። የእግር ደም ቅዳ ሥሩ በጣም የጠበበ ወይም የልብ ድካም ያለበትም ሐኪሙን ሳያማክር አይጀምር።

ይህን ሞዴል ድጋሚ አልገዛም። ከረጢቱ ለብቻው የሚሸጥ፣ ግፊቱንም በቁጥር የሚያሳይ ካልሆነ ሌላውንም አልገዛም።