ቤንዛቲን ፔኒሲሊን በዱቄት ቫያል፦ መድኃኒቱ አንደኛ፣ አዘገጃጀቱ ግን እጅ ይፈትናል

ስለዚህ በመርፌ የሚሰጥ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት የሚሰሙት ቅሬታዎች ሦስት ናቸው፦ ኒድል ይደፍናል፣ በጣም ያማል፣ አንዳንዴም አልሠራም ይባላል። ሦስቱም በአብዛኛው የሚመጡት ከመድኃኒቱ ሳይሆን ዱቄቱ ከሚበጠበጥበትና ከሚወጋበት መንገድ ነው። ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ራሱማ ወደር አይገኝለትም። ጡንቻ ውስጥ ተቀምጦ ጥቂት በጥቂት እየሟሟ ለሳምንታት ደም ውስጥ ይቆያል። ጉሮሮን የሚያሳምመውና ለሩማቲክ ትኩሳት (የልብ ቫልቭን ሊጎዳ ለሚችል ሕመም) የሚዳርገው ባክቴሪያ ስትሬፕቶኮከስ ፓዮጀነስ ፔኒሲሊንን የሚቋቋም ሆኖ በሕክምና ላይ አልተገኘም፤ የቂጥኝ ተሕዋስም እንዲሁ። ነፍሰ ጡር ቂጥኝ ሲገኝባት ፅንሱን ጭምር እንደሚያክም የተረጋገጠለት ፔኒሲሊን ብቻ ነው።

ትልቁ አደጋ ቫያሉ (የዱቄቱ ትንሽ ጠርሙስ) ሳይከፈት ይጀምራል። ክሪስታላይን፣ ፕሮኬይንና ቤንዛቲን ሦስቱም ፔኒሲሊን ናቸው፣ ሦስቱም ነጭ ዱቄት ሆነው በተመሳሳይ ቫያል ሊመጡ ይችላሉ። ክሪስታላይኑ ሲሟሟ ጥርት ያለ ፈሳሽ ይሆናል፤ በደም ሥርም ይሰጣል። ቤንዛቲን ግን ውሃ ሲጨመርበት አይሟሟም፤ ወተት መስሎ የሚንሳፈፍ ደቃቅ ቅንጣት ነው። ደም ሥር ውስጥ ከገባ ልብን ሊያቆም ይችላል፤ በዚህ ስሕተት ሰው ሞቷል። ስለዚህ የትእዛዝ ወረቀቱ ላይ «ፔኒሲሊን» ብቻ ከተጻፈ ሐኪሙን ሳይጠይቁ መቅዳት አይገባም። ደብዘዝ ያለ ወተት መሰል ነገር የያዘ ሲሪንጅ ደግሞ ወደ ካኑላ (ደም ሥር ውስጥ ወደገባው ቱቦ) ፈጽሞ መቅረብ የለበትም። በተቃራኒው አንጎልን ለነካ ቂጥኝ ቤንዛቲን አይበቃም፤ ወደ አንጎል ፈሳሽ የሚደርሰው መጠን አነስተኛ ስለሆነ በደም ሥር የሚሰጠው ክሪስታላይን ያስፈልጋል።

አሁን ወደ አበጣበጡ። ቫያሉ ላይ የተጻፈውን ያህል ስቴራይል የመርፌ ውሃ በዝግታ መጨመርና ቫያሉን በመዳፍ መካከል ማንከባለል ይበቃል። በኃይል መነቅነቅ አረፋ ያበዛል፤ አረፋ ያለበትን በትክክል መለካት አይቻልም። ውሃ መቀነስ ሕመሙን የሚያቀል ቢመስልም ድብልቁን ሊጥ ያደርገዋል፣ ከዚያ ኒድሉ ይደፈናል። ለመቅዳት ሰፋ ያለ ኒድል (19 ጌጅ፤ የጌጅ ቁጥር ሲያንስ ኒድሉ ይሰፋል)፣ ለመውጋት 21 ጌጅ ጥሩ ነው። ከቀዱ በኋላ ሲሪንጁን አስቀምጦ ወደ ሌላ ሥራ መሄድ አያዋጣም፤ ቅንጣቱ ደቂቃ ሳይቆይ መዝቀጥ ይጀምራል። ታካሚው ቀድሞ ተዘጋጅቶ፣ ቦታው ተጠርጎና አልኮሉ ደርቆ ሳለ ነው መበጥበጥ። በመሀል ከተደፈነ ፒስተኑን በጉልበት መግፋት ኒድሉን ከሲሪንጁ ነቅሎ መድኃኒቱን ይረጨዋል፤ አውጥቶ ኒድል መቀየር ነው።

ብዙዎች የማያስተውሉት ስሕተት ግማሽ መጠን ሲሰጥ ይፈጠራል። ዱቄቱ ራሱ ቦታ ይይዛል። ስለዚህ 4 ሚሊ ሊትር ውሃ ቢጨመር የሚገኘው ድብልቅ ከ4 በላይ ነው፤ ከ1.2 ሚሊዮን ዩኒት ቫያል 2 ሚሊ ሊትር ወስዶ 600,000 ሰጠሁ የሚል ሰው በእርግጥ የሰጠው ከዚያ ያነሰ ነው። መፍትሔው ሁሉንም ቀድቶ ጠቅላላውን መለካት፣ ከዚያ ግማሹን መስጠት ነው። «አልሠራም» የሚባለው አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ ሌላው ቫያሉ ግድግዳ ላይ ተጣብቆ የሚቀረው ዱቄት።

የሩማቲክ ትኩሳት እንዳይደገም ለአዋቂ 1.2 ሚሊዮን ዩኒት በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ ይሰጣል። ለትንንሽ ልጆች 600,000 ነው፤ የክብደቱ መስመር በአንዳንድ መመሪያ 27፣ በሌላው 30 ኪሎ ስለሆነ የሚሠሩበትን መመሪያ ማየት ይገባል። ለመጀመሪያ ደረጃ ቂጥኝ 2.4 ሚሊዮን አንድ ጊዜ፣ ለቆየው በሳምንት አንዴ ለ3 ሳምንት። 2.4 ሚሊዮን ብዛት ስላለው በሁለቱ መቀመጫ ተከፍሎ ቢገባ ይሻላል።

የሚወጋበት ቦታ የዳሌ ጎን ወይም የመቀመጫው የላይኛው ውጪያዊ ሩብ ነው፤ ወደ ውስጥና ወደ ታች ካዘነበለ የእግር ትልቁን ነርቭ ያገኛል። ለሕፃናት የጭን ውጪያዊ ጎን። ፒስተኑን ወደ ኋላ ስቦ ደም አለመኖሩን ማየት ግዴታ ነው፤ ደም ከታየ ማውጣትና እንደ አዲስ በሌላ ቦታ መጀመር። ሕመሙን የሚቀንሱት ነገሮች ቀላል ናቸው፦ ከፍሪጅ የወጣ ከሆነ ወደ ክፍል ሙቀት ማምጣት፣ ከመውጋት በፊት ቦታውን በአውራ ጣት ለ10 ሰከንድ መጫን፣ ከሁሉም በላይ ቀስ ብሎ በ2 ወይም 3 ደቂቃ ማስገባት። መመሪያው ከፈቀደ የውሃውን ከፊል በሊዶኬይን መተካትም ልዩነቱ ጉልህ ነው፤ አድሬናሊን ያለበት ሊዶኬይን ግን አይሆንም። ወርኃዊ መርፌ ለዓመታት የሚወስድ ልጅ ሕመሙን ፈርቶ ከቀረ ልቡ ዋጋ ይከፍላልና ይህን እንደ ትርፍ ነገር መመልከት ያሳዝናል።

ከመርፌው በፊት ስለ አለርጂ መጠየቅ፣ ለከባድ አለርጂ የሚሰጠው አድሬናሊን 1፡1000 ክፍሉ ውስጥ መኖሩን በዓይን ማረጋገጥ፣ ከመርፌው በኋላ 30 ደቂቃ ማቆየት። ትንፋሽ ቢያጥር፣ ከንፈር ቢያብጥ፣ ሰውነት በድንገት ሽፍታ ለብሶ የደም ግፊት ቢወርድ፣ አድሬናሊን ለአዋቂ 0.5 ሚሊ ሊትር፣ ለልጅ 0.01 ሚሊ ሊትር በኪሎ (ከ0.5 ሳያልፍ) ጭን ላይ ጡንቻ ውስጥ ይሰጣል፤ ካልተሻለ በ5 ደቂቃ ይደገማል። ሃይድሮኮርቲዞንና ፀረ ሂስታሚን አድሬናሊንን አይተኩም። በቂጥኝ ሕክምና በመጀመሪያው ቀን የሚመጣ ትኩሳትና ራስ ምታት ግን ከተሕዋሱ መሞት የሚነሳ እንጂ አለርጂ አይደለም፤ ይህን አለርጂ ብሎ ካርድ ላይ መጻፍ ታካሚውን ለዕድሜ ልክ ከዋናው መድኃኒት ያርቀዋል።

መርፌ እንደወሰዱ የሚሞቱ ሁሉ ግን በአለርጂ አይደለም። የልብ ቫልቫቸው በጣም የጠበበ ወይም ልባቸው የደከመ የሩማቲክ ሕሙማን ከሕመምና ከድንጋጤ በሚመጣ የግፊት መውደቅ ሊሞቱ ይችላሉ። የአሜሪካ የልብ ማኅበር በ2022 ለእንዲህ ያሉት የሚዋጥ ፔኒሲሊን እንዲታሰብ መክሯል። ለሌሎችም ቢሆን በልተውና ውሃ ጠጥተው መምጣት፣ ተኝተው መወጋት ይረዳል።

ተሞልቶ የሚመጣው ሲሪንጅ የመበጥበጥን ጣጣ ያስቀራል፣ መጠኑም አስተማማኝ ነው፤ ነገር ግን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቆየት አለበት። ማቀዝቀዣው የሚቆራረጥ ክሊኒክ ዱቄቱን ቢይዝ ይሻለዋል፤ ትእዛዙን ሲያወጣ ግን ስቴራይል ውሃውን፣ ሁለቱንም ዓይነት ኒድልና አድሬናሊኑን ከቫያሉ ቁጥር ጋር አብሮ ይቁጠር።