ደርቲ ሮተን ስካውንድረልስ፦ እናቴን ያስገረማት የአጭበርባሪዎች ፊልም

ቅዳሜ ማታ እዚህ ባህር ዳር ቀበሌ 14 እህቴ ቤት ላፕቶፑን ቲቪ ላይ ሰክተን እናቴም ቁጭ ብላ እኔ እየተረጎምኩላት ያየነው ፊልም ነው፣ በፈረንጆቹ 1988 የወጣ አሮጌ ፊልም ነው ግን ምን ልበላችሁ ሆዳችንን ይዘን ነው የሳቅነው።

ታሪኩ ደቡብ ፈረንሳይ ባህሩ ዳር ባለች የሀብታሞች መዝናኛ ከተማ ነው። ሎውረንስ (ማይክል ኬን) የተሰደድኩ ልዑል ነኝ፣ ለሀገሬ ነፃነት ታጋዮች ብር እያሰባሰብኩ ነው እያለ ሀብታም ሴቶችን ያልባል፣ ፍሬዲ (ስቲቭ ማርቲን) ደግሞ ባቡር ላይ አያቴ ታማብኝ ምናምን እያለ 20 ዶላር የሚለቅም ነው። መጀመሪያ አብረው ይሰራሉ፣ ሴትዮዋ ላግባህ ስትለው ሎውረንስ ወንድሜ ሩፕሬክት ይሄ ነው ብሎ ያስተዋውቃታል፣ ፍሬዲ ሹካው ላይ ቡሽ ተሰክቶለት እንደ እብድ ሲሆን በቃ ሴትዮዋ ሮጣ ታመልጣለች። እኛ ቤት ይሄ ቦታ ሶስቴ ተደገመ።

እናቴ ግን ሳቋን አቁማ "እኔንም እንዲህ ነው ያረጉኝ" አለች። ካቻምና መናኸሪያ አካባቢ አንዱ ቀለበት ከመሬት አነሳ፣ ሌላው መጥቶ ወርቅ እኮ ነው እኔ እንዳልገዛው ብር አልያዝኩም ይላል፣ እሷም ሰጠች፣ ነሐስ ሆኖ ተገኘ። አንዱ ያሳያል አንዱ ያሳምናል። ያሳመናት "እትዬ" እያለ በትህትና ያናገራት ነው፣ እና ለዛ ነው "ከሁለቱ አደገኛው ይሄ ጨዋው ነው" ብላ ሎውረንስ ላይ የፈረደችው። እኔም እስማማለሁ፣ ማይክል ኬን ድምፁን ከፍ ሳያደርግ ነው የሚያስቀው፣ ፊልሙን የያዘው እሱ ነው። ከድሃ አልወስድም የሚል ህግም አለው። እናቴ ይሄን ስተረጉምላት "የኔዎቹ ምነው እሱን አላወቁ" አለች።

ከዛ ይጣሉና ይወራረዳሉ፣ ጃኔት ከምትባል አሜሪካዊት መጀመሪያ 50 ሺህ ዶላር የወሰደ ከተማዋ የሱ ናት፣ የተሸነፈው ይወጣል። ፍሬዲ እግሩ ሽባ የሆነ ወታደር መስሎ ሲቀርብ ሎውረንስ የውጭ ሀገር ዶክተር ሆኖ ይመጣና እግሩን ይገርፈዋል፣ ፍሬዲ ደግሞ አይሰማኝም ስላለ መጮህ አይችልም፣ ፊቱን ብቻ እዩት። ዊልቸሩ ላይ ያለው ቀልድ ግን በዝቷል፣ ለኔ ትንሽ ከበደኝ፣ መጀመሪያው አካባቢም ቀስ ይላል። ጃኔትን የሰራችው ግሌን ሄድሊ በሁለቱ ትልልቅ ተዋናዮች መሀል ጭራሽ አልተዋጠችም።

ፊልሙ 1964 ላይ የወጣ ሌላ ፊልም ድጋሚ ነው፣ 2019 ላይም በሴቶች ተሰርቷል፣ በዚህኛው ጀምሩ ነው የምለው። መጨረሻውን ማንም እንዳይነግራችሁ፣ ኢንተርኔት ላይም አትፈልጉ። እኛ ቤት ሲያልቅ ከምሽቱ አምስት ሰዓት ሆኗል፣ እናቴ "ከመጀመሪያው መልሱልኝ" ብላ ቡና እንደገና አስፈላችን።