የዩኒቨርሲቲ ክፍያ ጭማሪን የሚያጋልጠው የአሜሪካ ድረ ገጽ ለወላጅ ምን ይጠቅማል?

የአሜሪካ ኮንግረስ እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣው የከፍተኛ ትምህርት ሕግ መሠረት፣ የፌዴራሉ ትምህርት መሥሪያ ቤት ክፍያቸው የከበደውንና ክፍያቸውን በፍጥነት የጨመሩትን ኮሌጆች ዝርዝር ከ2011 ጀምሮ በድረ ገጽ ያወጣል። ልጆቻቸውን ሜሪላንድና ቨርጂኒያ በሚገኙ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ለማስተማር ለሚያስቡ ወገኖቻችን ይበጅ እንደሆነ ለማየት አገላብጬዋለሁ።

አጠቃቀሙ አያስቸግርም። «የአራት ዓመት፣ የመንግሥት» የሚለው ምድብ ሲመረጥ በምድቡ የላይኛው 5 በመቶ ውስጥ የገቡት ተቋማት በስም ይደረደራሉ፤ በጭማሪው ዝርዝር ላይ የወጣ ተቋምም ወጪው ለምን እንደናረ ለመሥሪያ ቤቱ በጽሑፍ ማስረዳት አለበት። ነገር ግን ስሙ በመውጣቱ የሚጣልበት ቅጣት የለም። ጭማሪው በመቶኛ ስለሚሰላም፣ በጣም ውድ ሆኖ በየዓመቱ ጥቂት በጥቂት የሚጨምር ተቋም ከጭማሪው ዝርዝር ሊያመልጥ ይችላል።

የቁጥጥሩ ጉልበት ያለው በእኔ እምነት ዋሽንግተን ሳይሆን በጀት መዳቢዎቹ የስቴት ምክር ቤቶች ዘንድ ነው። የቨርጂኒያ ምክር ቤት በ2019 ክፍያ ለማይጨምሩ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ተጨማሪ ገንዘብ በመደበ ጊዜ፣ ሁሉም ለስቴቱ ነዋሪ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች የሚያስከፍሉትን ባለበት አቆይተዋል። ስም ማውጣት ብቻውን እንዲህ ያለ ውጤት ሲያመጣ አላየሁም።

ለወላጅ በእጅጉ የሚጠቅመው፣ ያው ሕግ የፌዴራል የተማሪ ዕርዳታ በሚቀበሉ ኮሌጆች ድረ ገጽ ላይ እንዲኖር ያዘዘው የተጣራ ወጪ ማስያ ነው። የቤተሰቡን ገቢና ብዛት ጠይቆ፣ ከትምህርት፣ ከመኖሪያና ከመጻሕፍት ጠቅላላ ወጪ ላይ የማይመለሰውን ዕርዳታ ብቻ ቀንሶ ግምቱን ያሳያል። ብድር እንደ ዕርዳታ አይቆጠርም፤ ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ የኮንግረሱ የኦዲት መሥሪያ ቤት በ2022 ባወጣው ዘገባ፣ ከኮሌጆች ግማሽ ያህሉ በሚልኩት የዕርዳታ ደብዳቤ ላይ የተጣራውን ወጪ አሳንሰው እንደሚያሳዩ ገምቷልና።

ማስያው የተዘጋጀው ከሁለተኛ ደረጃ በቀጥታ ለሚገቡ የሙሉ ጊዜ ተማሪዎች ነው። ብዙዎቹ ልጆቻችን እንደሚያደርጉት በኮሚኒቲ ኮሌጅ (በሁለት ዓመት ኮሌጅ) ጀምሮ ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚዛወር ተማሪ፣ ግምቱን ከሚገባበት ዩኒቨርሲቲ የገንዘብ ዕርዳታ ቢሮ በጽሑፍ ቢጠይቅ ይሻለዋል።